በርሜሉን ሲጠብቁ ጠማቂውን ረሱት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ስለ ቢራ ይህን ያህል ሰዓት እንዳወራ ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ የብሪታንያ ማኅበር ነው። ካምራ ይባላል። የቢራ ጠጪዎች ማኅበር ነው። የተቋቋመው በርሜል ውስጥ ሕይወት እንዳለው የሚቀርበውን ባህላዊ ቢራ፣ እነሱ ሪል ኤል የሚሉትን፣ ከመጥፋት ለማዳን ነው። በሸማቾች ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ እንደ እሱ የተሳካለት ጥቂት ነው።

እኔም አባል ነኝ። መዋጮዬን እከፍላለሁ። በፌስቲቫሎቹ ላይ በበጎ ፈቃድ ቢራ ቀድቻለሁ። ለዓመታት በፐብ፣ ማለትም በብሪታንያ መጠጥ ቤት፣ ምድር ቤት ውስጥ በርሜል እየከፈትኩ፣ ቢራው የሚያልፍበትን መስመር እያጠብኩ ሠርቻለሁ። ካስክ ቢራ፣ ማለትም ይህን በበርሜል የሚቀርበውን ሪል ኤል፣ እወዳለሁ። ከማኅበሩ ጋር የምጋጨውም ስለምወደው ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ካስክ ቢራን ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ርካሽነቱ ነው። ርካሽ ሆኖ እንዲቀር ደግሞ አጥብቆ የሚሟገተው ራሱ ሊጠብቀው የተነሣው ማኅበር ነው። ሌሎችም የማልስማማባቸው ነገሮች አሉኝ፤ እመጣባቸዋለሁ። ዋናው ግን ይህ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከሥሩ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1971 አራት እንግሊዛውያን ወጣቶች ለእረፍት አየርላንድ ሄዱ። ማይክል ሃርድማን፣ ግራሃም ሊስ፣ ጂም ማኪን እና ቢል ሜለር ይባላሉ። በኬሪ ግዛት፣ ደንኩዊን በምትባል መንደር፣ ክሩገርስ የተባለ መጠጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ስለ አገራቸው ቢራ ተማረሩ። ማኅበሩንም እዚያው መሠረቱ። መማረራቸው ትክክል ነበር። ያኔ የብሪታንያን የቢራ ገበያ ስድስት ትልልቅ ኩባንያዎች ተቆጣጥረውት ነበር። አላይድ፣ ባስ ቻሪንግተን፣ ከሬጅ፣ ስኮቲሽ ኤንድ ኒውካስል፣ ዋትኒ ማን እና ዊትብሬድ። እነዚህ ኩባንያዎች ፋብሪካ ብቻ አልነበራቸውም። በሺዎች የሚቆጠሩ ፐቦችም የእነሱ ነበሩ። እነሱ ያመጡትን ነው ሰው የሚጠጣው።

ያመጡት ደግሞ ኬግ ነበር። ቢራው ፋብሪካ ውስጥ ይጣራል። ይሞቅና እርሾው ይገደላል። ከዚያ በብረት በርሜል ታሽጎ በጋዝ ግፊት ይቀዳል። ለኩባንያው ምቹ ነው። አይበላሽም፣ ሙያ አይጠይቅም፣ በአንድ ማስታወቂያ አገር ሙሉ ይሸጣል። ጣዕሙ ግን ሳስቶ ነበር። የሚጠጣውም ሰው አማራጭ አልነበረውም።

ካምራ ይህን ተጋፈጠ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አባላቱ በአሥር ሺዎች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያውን ታላቁን የብሪታንያ ቢራ ፌስቲቫል ለንደን፣ አሌክሳንድራ ፓላስ አዘጋጀ። ጥሩ ቢራ የሚቀዱ ፐቦችን እየመረጠ በየዓመቱ መመሪያ ማሳተም ጀመረ። እስከ ዛሬም ያሳትማል። ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው በየሰፈሩ ዞረው ይህን የሚሠሩት። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ወደ ኋላ ተመለሱና ካስክ ቢራ እንደገና አቀረቡ። አዳዲስ ትንንሽ ጠማቂዎችም ተነሡ። ማንም ይህን ሊክድ አይችልም፤ እኔም አልክድም።

አሁን ካስክ ቢራ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳችሁ። ይህን ካልተረዳን የዋጋው ነገር አይገባንም።

ካስክ ቢራ ከፋብሪካ ሲወጣ ገና አላለቀም። ውስጡ ሕይወት ያለው እርሾ አለ። በርሜሉ ውስጥ ሆኖ ለሁለተኛ ጊዜ ይፈላል። ጋዙንም ራሱ ይፈጥራል። ፐቡ ጋ ሲደርስ በርሜሉ በጎኑ ይጋደማል፤ ከዚያ በኋላ ማንቀሳቀስ የለም። ላዩ ላይ ያለው ቀዳዳ በለስላሳ የእንጨት ውታፍ ይደፈናል። ትርፉ ጋዝ በእንጨቱ ውስጥ እየሾለከ ይወጣል። ፍላቱ ሲረጋ ለስላሳው ውታፍ ይነሣና ጠንካራ ይገባል። መቼ ነው የሚቀየረው? ይህን የሚያውቀው ምድር ቤት የሚሠራው ሰው ነው። ያያል፣ ያዳምጣል፣ ይቀምሳል። ቸኩሎ ከዘጋው ቢራው ያብዳል። ከዘገየ ደግሞ ጋዙ ሁሉ ያመልጥና ቢራው ይሞታል።

ከዚያ አተላው እስኪዘቅጥ መጠበቅ ነው። በብዙ ቢራ ላይ ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚሠራ ማጥሪያ ይጨመራል፤ እርሾውን ይዞ ወደ ታች የሚያወርደው እሱ ነው። የምድር ቤቱ ሙቀት ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። በርሜሉ ከተከፈተ በኋላ እያንዳንዱ ፓይንት፣ ከግማሽ ሊትር በጥቂቱ የሚበልጥ አንድ ብርጭቆ፣ ሲቀዳ በቦታው አየር ይገባል። ኦክስጅን ቢራውን መጀመሪያ ለስለስ ያደርገዋል። ቀጥሎ ያደክመዋል። በመጨረሻም ያኮመጥጠዋል። ካስክ ቢራ እንደ ወተት ቀን ይቆጠርበታል። የተለመደው ገደብ ሦስት ቀን ነው። ከሦስት ቀን በኋላ የቀረውን መድፋት ነው ያለው፣ ወይም ደግሞ ለደንበኛ የተበላሸ ነገር መሸጥ።

ኬግ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ታመጣዋለህ፣ መስመሩን ትሰካለህ፣ ትቀዳለህ። ለሳምንታት ይቆያል።

እንግዲህ በአንድ የብሪታንያ ፐብ ውስጥ የዋጋ ሰሌዳውን እንይ። ከአንድ ትንሽ ጠመቃ ቤት የመጡ ሁለት ቢራዎች ጎን ለጎን ተጽፈዋል። አንዱ በኬግ፣ አንዱ በካስክ። የብቅሉ ጥራት አንድ ነው። እንደ ጌሾ የሚያገለግለው ሆፕሱም ተመሳሳይ ነው። የአልኮል መጠናቸውም ይቀራረባል። ብዙ ጊዜ የሚወደደው ኬጉ ነው። ያ ሁሉ ልፋት ያለበት፣ የሠለጠነ እጅ የሚጠይቀው፣ በሦስት ቀን የሚያልፍበት ካስክ ግን ይረክሳል። ይህ እንዴት ሆነ?

ምክንያቱ ብዙ ነው። ካስክ የሠርቶ አደሩ የዕለት መጠጥ ሆኖ ነው የኖረው፤ ሰው በዚያ ዋጋ ለምዶታል። ትልልቅ የፐብ ሰንሰለቶች በብዛት እየገዙ ዋጋውን ይሰብሩታል። ጠማቂዎቹም እርስ በርስ ይፎካከራሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ለትንንሽ ቢራ ፋብሪካዎች የታክስ ቅናሽ መጣ። ብዙዎች በዚያ በር ገቡ። መልካም ሆነ። ግን የተቀነሰላቸውን ታክስ መልሰው በዋጋ ቅናሽ ያፈሰሱት ብዙ ነበሩ። ይህን ሁሉ በካምራ ላይ ብጭነው ፍርደ ገምድል እሆናለሁ።

ግን የካምራ ድርሻ ትንሽ አይደለም። አባል ስትሆን ከምታገኛቸው ጥቅሞች መካከል ጎልቶ የሚታየው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኩፖን። በአንድ ፓይንት ላይ 50 ፔኒ፣ ማለትም ግማሽ ፓውንድ፣ የሚያስቀንስ ኩፖን። ለብዙ ዓመታት በአንድ ትልቅ የፐብ ሰንሰለት፣ በዌዘርስፑን፣ ብቻ የሚሠራ በድምሩ የ20 ፓውንድ ኩፖን ነበር። ከ2019 ጀምሮ ወደ 30 ፓውንድ ከፍ ብሎ ሌሎች ሰንሰለቶችም ገቡበት። ከዚያ ውጭ ደግሞ ለአባላት ቅናሽ የሚያደርጉ ፐቦች በየከተማው አሉ። ማኅበሩ ሰው ወደ አባልነት ሲጠራ ይህን ይዞ ነው የሚቀርበው። የሚሰጠው መልእክት ግልጽ ነው። ይህ ቢራ የሚገባው ከተጻፈው ዋጋ በታች ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ካስክ በብዛት የሚመጣው ፈርኪን በሚባል በርሜል ነው። 9 ጋሎን ይይዛል፤ 72 ፓይንት ማለት ነው። አተላው ሲቀነስ የሚሸጠው ወደ 70 ይሆናል። በእያንዳንዱ ፓይንት ላይ 50 ፔኒ ቢቀነስ ከአንድ በርሜል 35 ፓውንድ ሄደ ማለት ነው። ጠማቂው ለዚያ በርሜል የሚከፈለው ብዙ ጊዜ 100 ፓውንድ አካባቢ ነው። ከዚያም በታች የሚሸጡ አሉ። ከዚያ ላይ ብቅል አለ፣ ሆፕስ አለ፣ ጋዝና መብራት አለ፣ የሠራተኛ ደመወዝ አለ፣ የመኪና ነዳጅ አለ። በርሜሉ ራሱ ይጠፋል፤ ይሰረቃል። እስቲ ምን ተረፈው?

ቅናሹን የሚሸከመው ሰንሰለቱ ነው፣ ጠማቂው አይደለም የሚሉኝ አሉ። ሰንሰለቱ ይችለዋል፤ እውነት ነው። ያ ሰው ግን በሚቀጥለው ቀን ጥግ ላይ ወዳለችው ትንሽ ፐብ ይገባል። እዚያ ዋጋውን ሲያይ "ዘረፋ ነው" ይላል። የትንሿ ፐብ ባለቤት ይህን እየፈራች ዋጋ መጨመር አትደፍርም። ስለዚህ ርካሹን በርሜል ትፈልጋለች። ጠማቂውን "ከእገሌ በ70 አገኛለሁ" ትለዋለች። ሰንሰለቱ የጀመረው ቅናሽ በዚህ መንገድ መጨረሻው ጠማቂው ላይ ያርፋል።

እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ምድር ቤት ስሠራ በየሳምንቱ የሚመጣ አንድ ጠማቂ ነበር። በርሜሎቹን ራሱ ተሸክሞ ነው የሚያወርደው። ጎበዝ ሰው ነው፤ እጁ ላይ ያለው ሙያ የሚያስቀና ነው። አንድ ቀን ካስክ መሥራት እንዳቆመ ነገረን። የቆርቆሮ ቢራና ኬግ ብቻ ሊሠራ ነው። ምክንያቱን ሲናገር አልተማረረም። በካስክ የሚያገኘው ወጪውን አይሸፍንለትም፣ አለቀ። እኛ ያን ቢራ አጣን። ደንበኞቻችንም አጡት።

ሌላው መዘዝ ጥራት ነው። ካስክ ትርፍ ከሌለው የፐቡ ባለቤት በምድር ቤቱ ላይ ገንዘብ አያወጣም። ሠራተኛ አያሠለጥንም። መስመር በየሳምንቱ መታጠብ ሲገባው ይዘለላል። በሦስተኛው ቀን ማታ የቀረውን ቢራ መድፋት ያቃጥለዋል። አራተኛ ቀን ይሸጠዋል፤ አምስተኛም ይሞክራል። አንድ ወጣት በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ካስክ ያዝዛል። ሞቅ ያለ፣ የደከመ፣ የኮመጠጠ ነገር ይቀርብለታል። ካስክ ማለት ይህ ነው ብሎ ይሄዳል። ዳግመኛ አይሞክረውም። ርካሽ ስለነበር ቅር አይለውም፤ ተመልሶም አይመጣም።

በዚህ ላይ ካስክ የሚቀዳበት የእጅ ፓምፕ ብዛት አለ። በማኅበሩ አባላት ዘንድ አዲስ አዲስ ቢራ እየቀመሱ መዝግቦ ማለፍ ትልቅ ደስታ ነው። አልነቅፍም፤ ደስ ይላል። ግን ፐቦች ይህን ደንበኛ ለመሳብ ብለው ከአቅማቸው በላይ የእጅ ፓምፕ ይደረድራሉ። አንድ በርሜል በሦስት ቀን ማለቅ ካለበት በቀን 23 ፓይንት ገደማ ከእሱ መሸጥ አለበት። ስድስት ፓምፕ ያለው ቤት በቀን 140 ፓይንት ካስክ መሸጥ ይጠበቅበታል። ዝናብ በሚዘንብ ማክሰኞ! የትኛው የሰፈር ፐብ ነው ይህን የሚሸጠው? ሁለት ፓምፕ ያለውና ሁለቱም ትኩስ የሆኑበት ቤት ከስድስቱ በጣም ይሻላል። ማኅበሩ ለቢራ ጥራት ነጥብ የሚሰጥበት ሥርዓት አለው፤ ከ0 እስከ 5። ጥሩ ሥርዓት ነው። በየቅርንጫፉ ስብሰባ ላይ ግን ጎልቶ የሚነገረው "ስንት ቢራ አላቸው?" የሚለው ነው።

አንድ ብርቱ መከራከሪያ አለ፤ አከብረዋለሁ። ቢራ የተራው ሰው መጠጥ ነው፤ ዋጋው ከተወደደ ጡረተኛውና ደመወዙ ትንሽ የሆነው ከፐብ ይባረራል ይላሉ። ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። ፐብ ለብዙ ብቸኛ ሰዎች ቤት ነው። ግን ያንን ሰው ከፐብ እያስወጣው ያለው ጠማቂው የሚጨምረው 30 ፔኒ አይደለም። የሱፐርማርኬት ቢራ ሁልጊዜም ይረክሳል፤ ፐብ በዋጋ ሊያሸንፈው አይችልም። ከአንድ ፓይንት ላይ 20 በመቶ ቫት ይነሣል። 4 በመቶ አልኮል ያለው የድራፍት ቢራ ላይ ኤክሳይዝ ታክሱ ብቻ 40 ፔኒ ገደማ ነው። ኪራይ አለ፣ መብራት አለ። ስለ ዋጋ መታገል የሚፈልግ ሰው እዚያ ላይ ይታገል።

ካምራ እዚያ ሲታገል ደግሞ ይሳካለታል። እ.ኤ.አ. በ2021 መንግሥት ለድራፍት መጠጦች ዝቅተኛ ታክስ ሊያደርግ ነው ሲል ቅናሹ ከ40 ሊትር በላይ ለሚይዝ በርሜል ብቻ ነበር የታሰበው። ትንንሽ ጠማቂዎች በ20 እና በ30 ሊትር ነው ብዙ የሚሠሩት። ማኅበሩና ጠማቂዎቹ ጮኹ። ገደቡ ወደ 20 ሊትር ወረደና ሕጉ በነሐሴ 2023 ሥራ ላይ ዋለ። ያ ሥራ ብዙ ጠማቂ ረድቷል። የ50 ፔኒ ኩፖን ግን አንድም ጠማቂ አልረዳም።

ሌላው ያረጀ ዘመቻ የሙሉ ፓይንት ጉዳይ ነው። ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው። የኢንዱስትሪው መመሪያ ቢያንስ 95 በመቶው ፈሳሽ ይሁን ይላል። ቀሪው አረፋ ሊሆን ይችላል። 28 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። የከፈልከውን ማግኘት አለብህ፤ እስማማለሁ። ግን ስለዚህች 28 ሚሊ ሊትር የፈሰሰውን ቀለምና የተደረገውን ስብሰባ ሳስብ አዝናለሁ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው 540 ሚሊ ሊትር የሞቀና የደከመ ሲሆን ያን ያህል ጩኸት አልሰማሁም።

ወደ ጋዙ ልሻገር። በማኅበሩ ደንብ መሠረት ቢራው ከሚቀዳበት ዕቃ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ መፍላት አለበት፤ ከውጭ የመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሊጨመርበት አይገባም። በ1970ዎቹ ይህ መስፈርት ጠቃሚ ነበር። መጥፎውን ከጥሩው በቀላሉ ይለይ ነበር። ኋላ ላይ ግን መስፈርቱ ራሱ ዓላማ ሆነ።

ካስክ ብሪዘር የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። ቢራ ሲቀዳ በበርሜሉ ውስጥ በአየር ፈንታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲገባ ያደርጋል። ግፊት የለውም። ቢራው ላይ ጋዝ አይጭንም። ኦክስጅኑን ብቻ ይከለክላል። ቢራው ለተጨማሪ ቀናት ደኅና ሆኖ ይቆያል። በሳምንት ጥቂት በርሜል ብቻ ለሚሸጥ የገጠር ፐብ ይህ ካስክን ማቅረብ ወይም ጨርሶ መተው ማለት ነው። ማኅበሩ ግን ለአሥርተ ዓመታት ተቃወመው። ይህን መሣሪያ የሚጠቀም ቤት ከመመሪያው ይቀር ነበር። ቢራው ጣፋጭ ይሁን አይሁን አልተጠየቀም። ተቃውሞው የተነሣው በ2018 ነው። በእነዚያ ዓመታት ስንት ትንንሽ ፐቦች ካስክን ትተው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ያንን ውሳኔ ለማስተካከል ያን ያህል ዘመን መፍጀት አልነበረበትም።

ኬግም ቢሆን የ1971ዱ ኬግ አይደለም። ዛሬ ያልተጣራ፣ ያልሞቀ፣ እርሾው ያልሞተ ቢራ በኬግ ይመጣል። ኪይኬግ በሚባለው ውስጥ ቢራው ከረጢት ውስጥ ነው ያለው፤ ጋዙ ከረጢቱን ከውጭ ይጫነዋል እንጂ ቢራውን አይነካውም። ማኅበሩ ራሱ እንዲህ ባለ ኬግ ውስጥ ሪል ኤል ሊኖር እንደሚችል ተቀብሏል። ግን አንድ የካምራ ሰው ፐብ ገብቶ የእጅ ፓምፕ ካጣ ፊቱን አዙሮ ሲወጣ ዛሬም ታያላችሁ። ያ ጠማቂ ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን ቢራ ሳይቀምሰው ነው የሚወጣው። ያስከፋኛል።

ሌላው የማልስማማበት ነገር ይህ አመለካከት ነው። ላገር የሚባለውን ቀዝቃዛ ቢራ የሚጠጣን ሰው ዝቅ አድርጎ ማየት አለ። ቆርቆሮ የያዘን ወጣት መሳለቅ አለ። ባንኮኒው ጋ ያለችው ሴት ስለ ቢራ አታውቅም ብሎ መገመት አለ። ሁሉም አባል እንዲህ አይደለም፤ አብዛኛው ደግና ለጋስ ሰው ነው። ግን አዲስ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ያገኘው ይህን ከሆነ የቀሩትን ደጎች ለማግኘት አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ2019 ማኅበሩ ሴቶችን የሚያዋርድ ስምና ሥዕል ያላቸው ቢራዎች ታላቁ ፌስቲቫል ላይ እንዳይቀርቡ ከለከለ። ደስ ብሎኛል። ማኅበሩ ያኔ 48 ዓመቱ ነበር።

ራሳቸውም ይህ ችግር እንዳለ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ማኅበሩን ስለማደስ ሰፊ ምክክር ተጀመረ። የመሩት ከመሥራቾቹ አንዱ ማይክል ሃርድማን ነበሩ። በሚያዝያ 2018 በኮቨንትሪ ጉባኤ ውጤቱ ለድምፅ ቀረበ። ፌስቲቫሎች ላይ ሰፋ ያለ የመጠጥ ዓይነት እንዲቀርብ ተፈቀደ። ማኅበሩ የቢራ ጠጪውንና የፐብ ደንበኛውን በሙሉ ይወክል የሚለው ሐሳብ ግን ወደቀ። 72 በመቶ ያህሉ ደግፎታል። የሚያስፈልገው 75 በመቶ ነበር። ማለትም ብዙኃኑ በሩ ይከፈት ብሏል። ከ190,000 በላይ ከሆነው አባል ድምፅ የሰጠው ደግሞ ጥቂቱ ነው። እኔ በዚያ ቀን ከደጋፊዎቹ ወገን ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ።

ሁሉንም እንወክል ሲባል ካስክን እንተው ማለት የመሰላቸው ነበሩ። ካስክን እኮ አሁን እያጣነው ነው። የበርተንን ነገር እዩ። በርተን አፖን ትሬንት በእንግሊዝ የቢራ ታሪክ ትልቅ ስም ያላት ከተማ ናት። እዚያ ማርስተንስ ፋብሪካ ውስጥ ዩኒየን የሚባል የመጥመቂያ ሥርዓት ነበር። የእንጨት በርሜሎች ተሰካክተው ይደረደራሉ፤ እርሾው እየፈላ በቧንቧ ወደ ላይ ወጥቶ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቢራው ተመልሶ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ባለቤቱ ኩባንያ ሥርዓቱን ከሥራ አስወጣው። የሰጠው ምክንያት የካስክ ገበያ መቀነስ ነው። አንዱን ስብስብ ያተረፈው በደርቢሽር፣ ቤክዌል ያለው ቶርንብሪጅ የተባለ ጠመቃ ቤት ነው። ይህ ቤት ዝና ያገኘው በካስክም፣ በኬግም፣ በጠርሙስም እየሠራ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ለመንከባከብ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ የሚመጣው ደግሞ ከሚሸጥ ቢራ ነው።

ማኅበሩ ጠባብ ትኩረት ይዞ ሲሄድ ምን እንደሚሆን አንድ የቆየ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1989 መንግሥት የትልልቆቹን ጠማቂዎች ጉልበት የሚገድብ ደንብ አወጣ። ከ2,000 በላይ ፐብ ያለው ጠማቂ ከ2,000 ከሚያልፉት ፐቦች ግማሹን ቢራ ከእሱ ብቻ ከመግዛት ግዴታ ነፃ ማድረግ ነበረበት። ፐቡን ከጠማቂው ተከራይተው የሚሠሩት ቢያንስ አንድ እንግዳ ካስክ ቢራ ከፈለጉበት እንዲገዙም ተፈቀደ። ካምራ ለዚህ ብዙ ደክሟል፤ ደስታውም ትልቅ ነበር። ካስክ በር ተከፈተለት። ግን ጠማቂዎቹ ፐቦቹን ሸጡ። የገዟቸው ቢራ የማይጠምቁ፣ ፐብ ብቻ የሚይዙ ኩባንያዎች ናቸው። እነሱም ተከራዩን በኪራይና በግዢ ግዴታ አሠሩት። ያን ለማስተካከል አዲስ የፐብ ሕግ የመጣው በ2016 ነው፤ ያውም 500 እና ከዚያ በላይ ተከራይ ፐቦች ባሏቸው ላይ ብቻ። ለካስኩ በር ሲከፈት ተከራዩን ማን አየው? ብሪታንያ በ1980 ወደ 69,000 ፐብ ነበራት። አሁን 45,000 ገደማ ነው ያለው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የተከራዩ መታነቅ ግን አንዱ ነው።

ማኅበሩ ሰፋ አድርጎ ሲያስብ ደግሞ ምን ያህል እንደሚችል አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ ያለ ፈቃድ ፐብን ማፍረስ ወይም ወደ ሌላ ሥራ መቀየር እንዲቀር ሕግ ወጣ። በዚያ ላይ ካምራ ብዙ ሠርቷል። ያ ሕግ ላገር የሚጠጣውንም፣ ሻይ የሚጠጣውንም ሰው ፐብ ጠብቋል። በ2024ም አንድ ትልቅ ኩባንያ የኬግ ቢራን በእጅ ፓምፕ ሊቀዳ ሲል ማኅበሩ ተቃወመ። ጠጪው የእጅ ፓምፕ ሲያይ ካስክ ነው ብሎ ነው የሚያዝዘው። ሊታለል አይገባም። በዚህ ከካምራ ጎን ነኝ።

ታዲያ ምን ይደረግ ትሉኛላችሁ። ኩፖኑ ይቅር። አባላት ይቆጡ ይሆናል፤ ለ30 ፓውንድ ኩፖን ብሎ የመጣው ይሄድ ይሆናል። ይሂድ። ለእሱ የሚወጣው ልፋት ወደ ምድር ቤት ሥልጠና ይዙር። አንድ ፐብ ጎበዝ የምድር ቤት ሠራተኛ ኖሮት የካስክ ዋጋውን ከኬጉ እኩል ቢያደርግ ቅርንጫፎቻችን ሄደው ይጠጡለት፤ ያመስግኑት። "ተወደደ" የሚለው ቃል በግምገማችን ውስጥ ብቻውን አይግባ። የቢራው ሙቀት ስንት ዲግሪ ነበር? ትኩስ ነበር? መስመሩ ንጹሕ ነበር? ይህን እንጻፍ። ሦስት ፓምፕ ዘግቶ ሦስቱን በደንብ የያዘን ቤት እናበረታታ። በኬግ የመጣውንም እንቅመስና ስለ ጣዕሙ እንናገር።

ይህን በሚቀጥለው ዓመታዊ ጉባኤ ላይ እንደ ውሳኔ ሐሳብ ለማቅረብ ጽፌዋለሁ። ሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያለው፤ ስለ ኩፖኑና ስለ ሥልጠናው። ለማቅረብ የአባላት ድጋፍ እፈልጋለሁ። እዚህ ካላችሁት መካከል አባላት እንዳላችሁ አውቃለሁ። ወረቀቱ ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው። የምትቃወሙትም ኑና ንገሩኝ፤ እስከ መዝጊያ ሰዓት ድረስ እዚህ ነኝ።